ብርዝና ጠጅ

«ያ ሰካራሙ አስተርጓሚ አረፈ አሉ» አለች አንዲት ሴትዮ። ከቦንጋ ወደ ጅማ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነን፤ እሷ ከፊቴ ካለው ወንበር ላይ ናት። አብራት የተቀመጠችው «የቱ? ያ ፍርድ ቤት የነበረው?» ስትላት፣ «አዎ፣ እሱ። ምስኪን! ጠጁ እኮ ነው ጭንቅላቱን የበላው» አለችና ሁለቱም ከንፈራቸውን መጠጡለት። ከዚያ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ።

ጋሽ አሥራት መሞቱን የሰማሁት እንዲህ ነው። ከእንባዬ በፊት ንዴቱ መጣብኝ። ሴትዮዋን በትከሻዋ ይዤ ላዞራት ዳድቶኝ ነበር። ግን ምን ብዬ? እሷ የሰማችውን ነው ያወራችው። ሰውየው በዕድሜው አንዲት ብርሌ ጠጅ አፉ አላስገባም። ሰካራም ያደረግነው እኛ ነን፤ ሰካራም ብሎ የጻፈው ደግሞ የእኔ እጅ ነው።

የቱ ፍርድ ቤት እንደሆነ ልተወው። ሰዎቹ ዛሬም አሉ፣ መንገድ ላይ ሲያገኙኝም «እንዴት ነሽ ብርቄ» ይሉኛል። ያኔ ኢሕአዴግ ገብቶ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ከወሎ መጥቼ በጸሐፊነት ተቀጥሬያለሁ። ዳኛው ከሌላ አገር የተመደበ ነው፣ ዐቃቤ ሕጉም እንደዚያው። ባለጉዳዩ ግን ከዋጫ፣ ከደካ፣ ከቢታ ገነት ወዲያ ካሉት ቀበሌዎች ሳይቀር የሚመጣ፣ በከፋ ሰው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ተወልዶ በካፊኖኖ ያረጀ ሰው ነው። በመሃል የቆመው ጋሽ አሥራት ብቻ ነበር። እሱ አንድ ቀን ከቀረ ችሎት የለም።

አስተርጓሚ ብዙ አይቻለሁ። አብዛኛው «እንዲህ አለ»፣ «እንዲህ ትላለች» እያለ ነው የሚያስተረጉመው። ጋሽ አሥራት እንደዚያ አያውቅም። ቀኝ ጆሮውን በሁለት ጣቱ ይይዛል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ ገበሬው «እኔ» ካለ እሱም «እኔ» ነው የሚለው። «እኔ ወንድሜን አልመታሁም።» «እኔ ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ።» በአንድ ቀን ባልቴትም፣ ሌባም፣ ምስክርም ሆኖ ይውላል። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ ስጠይቀው፣ «በሁለት ቋንቋ መሃል የቆመ ሰው የራሱ አፍ የለውም» አለኝ። እኔማ አንቱ እያልኩት ነበር የጀመርኩት። «አንቱታውን ለዳኛው አስቀምጪለት፣ እኔ አንተ ስባል ነው የምሰማው» ብሎ አስተወኝ።

አንዳንድ ቃል ደግሞ አለ፣ አማርኛ አልመጣለት የሚል። ያኔ እጁን ያነሳና «ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» ይላል። ችሎቱ ጸጥ ብሎ ይጠብቀዋል። ዳኛው ትዕግሥቱ ሲያልቅ «አንድ ቃል ነው እኮ፣ ጋሽ አሥራት» ቢለው፣ «በዚህች ቃል ሰው ይታሰራል» ብሎ ፍለጋውን ይቀጥላል። ሲያገኛት ፊቱ ይበራል። እኔም ለመጻፍ እቸኩላለሁ።

አንዴ ከደካ የመጡ አሮጊት ክርክራቸው ውድቅ ሲሆን ብድግ አሉና ዳኛው ላይ ጣታቸውን ቀስረው አንድ ነገር ተናገሩ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ካፊኖኖ የሚሰማ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ዳኛው «ምን አሉ?» አለ። ጋሽ አሥራት ጆሮውን ያዘ፣ ዓይኑን ጨፈነ። «አንተን የመሰለ ዳኛ ያጠባች እናት ጡቷ ይድረቅ» አለ፣ ጥርት ባለ አማርኛ። እኔ ጣቴ የጽሕፈት መኪናው ላይ ቀረ። ዳኛው ደም መስሎ፣ «ትንሽ አለዘብ አታደርገውም ነበር?» አለው። «ክቡር ዳኛ፣ የማልኩት ለማስተርጎም ነው። ለማለዘብ አልማልኩም» አለ። ዳኛው ለአሮጊቷ የመለሰውን ቁጣም እንዲሁ፣ ሳያጎድል፣ በካፊኖኖ ነገራቸው። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ።

መታመሙን ያወቅኩት በአንድ የቀፎ ክርክር ቀን ነው። ሁለት የዋጫ ሰዎች ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ በተሰቀለ ቀፎ ተካሰዋል። ምስክር በምስክር ላይ እየተደረደረ ስድስት ሰዓት አለፈ፣ ሰባትም አለፈ። ዳኛው «ዛሬውኑ እንጨርሰው» ይላል። ቀኑ ብርዳም ነው፣ የጋሽ አሥራት ላብ ግን በግንባሩ ይወርዳል። ድንገት ወደ ዳኛው ዞረና በካፊኖኖ ይናገር ጀመር፤ ወደ ገበሬው ዞሮ ደግሞ በአማርኛ። ገበሬው አፉን ከፍቶ ያየዋል፣ ዳኛውም አፉን ከፍቶ ያየዋል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ፣ ምን ልዋሽ።

እረፍት ሲባል ከሕንፃው ጀርባ አገኘሁት። ግድግዳ ተደግፎ በሁለት እጁ ጠርሙስ ይዟል፤ እጁ ከመንቀጥቀጡ የተነሳ ጠርሙሱ ከጥርሱ ጋር ይጋጫል። ውስጡ ያለው ቢጫ ነው፣ ማር ማር ይሸታል። «ጋሽ አሥራት! በሥራ ሰዓት?» ብዬ ጮህኩ። እሱ ጠጣ፣ ጠጣ። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑ ወደ ቦታው ሲመለስ ሳቀብኝ። «ቅመሺው» ብሎ ጭላጩን ሰጠኝ። ማርና ውሃ ነው። ጌሾ የለው፣ ምን የለው። ሕፃን የሚጠጣው ብርዝ!

«ስኳር አለብኝ» አለኝ። «ጠዋት መርፌዬን እወጋለሁ። ከወጋሁ በኋላ በሰዓቱ ካልበላሁ ስኳሬ ይወርዳል። ሲወርድ ያልበኛል፣ ያንቀጠቅጠኛል፣ ሆዴን ይሞረሙረኛል። እሱ ደወሌ ነው። ደወሉን ስሰማ ብርዜን እጠጣለሁ፣ አለቀ።»

«ታዲያ ለዳኛው ለምን አትነግረውም?»

ፊቱ ተለወጠ። «አስተርጓሚው አእምሮው የሚሄድበት ሰው ነው ከተባለ፣ እስከ ዛሬ ያስተረጎምኩት ሁሉ ይግባኝ ይባልበታል። እኔንም ያሰናብቱኛል። ሌላ ምን አውቃለሁ እኔ? ማርያምን በዪ፣ ለማንም አልናገርም በዪ።»

«ማርያምን» አልኩ።

ችሎቱ በሰዓቱ ስለማይነሳ ስኳሩ በሳምንት ሁለትም ሦስትም ጊዜ ይወርድበት ነበር። ሰው ደግሞ የሚያየውን ነው የሚያየው። ከምሳ በፊት ይንገዳገዳል፣ ቃል ይሳሳታል፤ ወጣ ብሎ ይመለሳል፣ ሲመለስ ማር ማር ይሸታል። ማር በሞላበት አገር ከጠጅ ሌላ ምን ይታሰባል? መጀመሪያ ዘበኛው አለ፣ ቀጥሎ ሬጅስትራሩ፣ ከዚያ ሁሉም አለ።

ዘመኑ ደግሞ የግምገማ ዘመን ነው። ከዘበኛ እስከ ኃላፊ አንድ አዳራሽ ገብቶ አንዱ ሌላውን ይገመግማል፤ የተገመገመው ተነስቶ ግለሂስ ያደርጋል፣ ጥፋቱን በገዛ አንደበቱ ይናገራል። የካደ ሰው «ሂስ የማይቀበል» ይባላል፣ ያ ደግሞ ከጥፋቱም ይብሳል። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔ ነኝ።

የጋሽ አሥራት ተራ ሲደርስ ሬጅስትራሩ ጠርሙሱን ከጠረጴዛ ሥር አወጣው። ከካፖርቱ ኪስ ወስዶት ኖሯል። «ይህ ምንድን ነው?»

«ብርዝ ነው» አለ ጋሽ አሥራት።

«ብርዝ!» አለ ሬጅስትራሩ ወደ እኛ ዞሮ። «እስቲ ጎበዝ፣ ብርዝ ሲያድር ምን ይሆናል?»

«ጠጅ!» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ አውካካ።

ለሻይ ስንወጣ ወደ እኔ መጣ። «ልንገራቸው መሰለኝ፣ ብርቄ። ታምሜ ነው ልበልና የመጣው ይምጣ» አለኝ። ምናለ ያን ጊዜ «ንገራቸው፣ እኔም ቀምሻለሁ፣ እመሰክርልሃለሁ» ብዬው በነበር! እኔ ግን ብልጥ ነኝ፤ ስንት ቃለ ጉባኤ የጻፍኩ፣ የግምገማን መንገድ የማውቅ። «ጋሽ አሥራት፣ ሞኝ አትሁን» አልኩት። «ጠጪ ይታረማል፣ በሽተኛ ይሰናበታል። አጥፍቻለሁ፣ አልደግምም በል። አንድ ማስጠንቀቂያ ጽፈው ይተዉሃል። ዋጥ አድርጋት።»

ብዙ አየኝና «እኔ ልዋሽ?» አለ።

«የራስህ አፍ የለህም ትል የለ?» አልኩት፣ እንደ ቀልድ። ይህችን ቀልዴን ስንቴ እንደረገምኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

ተመለስን። ተነሳ። ጆሮውን በሁለት ጣቱ ያዘ፣ ዓይኑን ጨፈነ። «እኔ ጠጪ ነኝ» አለ። «እኔ በሥራ ሰዓት ጠጅ ጠጥቻለሁ። እታረማለሁ።» የሌላ ሰው ቃል እንደሚያስተረጉም ሆኖ ነው የተናገረው፤ ይህን ያስተዋልኩት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው «ጥሩ ግለሂስ ነው» ብሎ አጨበጨበለት። እኔም ቃል በቃል ጻፍኩት።

ዘዴዬ ሠራ፣ እውነቴን ነው። ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፣ ሥራው ላይ ቆየ፣ እኔም በራሴ ኮራሁ። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው ላይ «ማናቸውንም መጠጥ ይዞ ግቢ መግባት ክልክል ነው» የሚል ተጨምሮበታል። ዘበኛው ጠዋት ጠዋት በር ላይ ካፖርቱን ይዳብሰዋል። ጋሽ አሥራት በብርዙ ፈንታ ከረሜላ መያዝ ጀመረ። ከችሎት መሃል ፈቃድ ጠይቆ መውጣቱን ግን ተወው፤ ከወጣ «ሊጠጣ ሄደ» ነዋ። ስኳሩ ሲወርድበት ጠረጴዛውን ጨብጦ፣ ጥርሱን ነክሶ ይቆማል።

ደወሉ የጠፋው ያኔ ነው። ድሮ ላቡና መንቀጥቀጡ ቀድመው ይነግሩት ነበር። እየወረደ፣ እየወረደ፣ ሰውነቱ መናገሩን ተወ። ደህና ቆሞ እያወራ ድንገት ቃሉ ይጠፋል፤ እሱ ግን የጠፋው አይመስለውም። ከረሜላው ኪሱ ውስጥ ነው፤ ኪስ እንዳለው የሚያስታውስ አእምሮ ሲኖር አይደል? ጠባዩም ተበላሸ። ያ ለስላሳ ሰው በትንሹ ቱግ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያለውን አያስታውሰውም። አንድ ቀን ሲቅበዘበዝ አይቼ ከረሜላ ላጎርሰው እጁን ብይዘው፣ በሰው ፊት ገፈተረኝና ሰደበኝ። ስድቡን እዚህ አልጽፈውም። እኔም አኮረፍኩት። ስኳሩ መሆኑን እያወቅኩ ሦስት ሳምንት አኮረፍኩት፤ ኩርፊያ ከያዝኩ አልለቅም።

በኩርፊያዬ መሃል ያ ቀን መጣ። ጠዋት አራት ሰዓት ግድም ዘበኛው በቢሮዬ በር ብቅ ብሎ፣ «ጋሽ አሥራት ዛሬስ ከጠዋቱ ነው የጀመረው። መዝገብ ቤት ውስጥ ወድቆ ያንኮራፋል። ዘግቼበታለሁ፣ ይብረድለት» አለኝ። ዳኛው ስብሰባ ሄዶ ችሎት የለም። አንድ የምጨርሰው ጽሑፍ ነበረኝ፤ ጣቴን ከመኪናው ላይ አላነሳሁም።

«ይተኛ» አልኩ።

ዘበኛው ብርዙን አልቀመሰም፤ እኔ ቀምሻለሁ። ዘበኛው መርፌውን አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። ያን ጠዋት ግን፣ ማርያምን፣ የታየኝ ሰካራም ነው። «አሁንስ የምሩን ሳይጀምረው አልቀረም» ብዬ አስቤያለሁ። የገዛ እጄ የጻፈውን የገዛ ራሴ አምኖት ተገኘ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ መዝገብ ፈልጌ በሩን አስከፈትኩ። መሬት ላይ፣ በሁለት መደርደሪያ መሃል ተዘርሯል። አፉ አረፋ ደፍቋል፣ እግሩ ይንፈራገጣል። «ስኳር ነው! ስኳር! ታማሚ ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩ። ዘበኛው «የምን ስኳር?» ይለኛል። ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስነው፣ ግሉኮስ ተሰጠው፣ ወዲያው ወደ ጅማ ላኩት። እኔም አብሬው ሄድኩ።

ከቀናት በኋላ ነቃ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። «ጭንቅላት ጎተራ የለውም፣ እህቴ» አለኝ። «ሌላው አካል ለክፉ ቀን ያከማቻል። ጭንቅላት ግን በደም የሚመጣለትን ስኳር በየደቂቃው እየተቀበለ ነው የሚኖረው። ለአጭር ጊዜ ቢጎድልበት ይደናገራል፣ ሲያገኝ ይመለሳል። ሲደጋገምበት ማስጠንቀቂያው ይጠፋል። እንደዚህ ብዙ ሰዓት ከቆየበት ደግሞ የሚሞትበት ክፍል አለ። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የማስታወሻው ነው።»

«ይመለሳል?»

«ጥቂቱ» አለ። ከዚያ ብዕሩን አወጣና «ስንት ሰዓት ነው ወድቆ የቆየው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አላውቅም» አልኩት። አምስት ሰዓት ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ሥራ ልጀምር ብሎ መጣ። ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ካፖርቱን አስተኩሶ። እንግዳ ሰው መሰለኝ። ከቢታ ገነት የመጡ ሽማግሌ ተነስተው ረዘም አድርገው ተናገሩ። ጋሽ አሥራት ጆሮውን ያዘ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ጠበቅን። «እኔ…» አለ። ጠበቅን። «እኔ…» ሽማግሌው ያልሰማቸው መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙለት። ጋሽ አሥራት ዓይኑን ገልጦ እጁን አነሳ፣ «ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» አለ። ዳኛው አንገቱን ደፍቶ ወረቀቱን ያገላብጣል። ጊዜ ሰጠነው። ምንም አልመጣም። ሽማግሌውን ሌላ ቀን ቀጠሯቸው።

የስንብት ደብዳቤውን እንድተይብ ሲሰጡኝ «ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ከመጠጥ ባለመታረሙ» ይላል። ተንደርድሬ ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። «የስኳር በሽተኛ ነው እንጂ ጠጥቶ አያውቅም» አልኩት። መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «ራሱ አምኗል፣ ቃለ ጉባኤውም በእጅሽ የተጻፈ ነው። ያኔ ሐሰት ጽፈሻል ማለት ነው? እንደዚያ ከሆነ የአንቺንም ጉዳይ እናየዋለን» አለኝ። ወጣሁ። ደብዳቤውን ተየብኩት። የቃለ ጉባኤውን ግልባጭም አያያዝኩበት፤ ደንቡ ነው።

ሚስቱ ቀድማው ሞታለች። ትዕግሥት የምትባል ልጁ ደካ ታስተምር ነበርና ወደ ቦንጋ ተዛውራ መጥታ ያዘችው። እኔ በሰፈሩ ማለፍ ትቼ፣ ገበያ እንኳ ዞሬ ነበር የምሄደው። አንድ የበዓል ማግሥት ግን ሆዴ አልችል አለኝና ሄድኩ። ልጅቷ አታውቀኝም፤ በር ላይ «የድሮ ባልደረባው ነኝ» ብቻ አልኳት። ልብስ እያጠበች ስለነበር በእርጥብ እጇ በረንዳውን አሳየችኝ።

ጋሽ አሥራት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። «እንዴት ዋሉ፣ ይቀመጡ» አለኝ። አንቱ አለኝ። ዓይኔን አፍጥጬ ባየውም አላወቀኝም። ከዚያ ለእንግዳ እንደሚነገር፣ «እኔ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበርኩ» አለኝ። «ጠጅ ነው ያበላሸኝ። አሁን ትቻለሁ። አንዲት ጠብታ! ልጄን ይጠይቋት።»

«ትቷል» አለች ትዕግሥት ከመታጠቢያው ሳፋ ቀና ሳትል። «ጭንቅላቱ ካለቀ በኋላ ተወ። ስኳሩንስ እናውቃለን፤ እኔ የሚገርመኝ ጠጁን እንዴት እንደደበቀን ነው፤ እናቴ እንኳ ሳታውቅ ነው የሞተችው።» ድምፅዋ ውስጥ ያለውን ምሬት መስማት አቃተኝ።

«ጋሽ አሥራት፣ አንተ እኮ ጠጥተህ አታውቅም» አልኩት። «ብርዝ ነው። ስኳርህ ሲወርድ የምትጠጣው ማርና ውሃ። ቀምሼዋለሁ።»

ተቆጣ። ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣና በጣቱ እየመታ፣ «አይሸንግሉኝ! ተጽፏል እኮ!» አለ። «ሲጠፋብኝ ይህን ነው የማነበው። ‹እኔ ጠጪ ነኝ› ይላል። እኔ ነው የሚለው፣ እሱ አይልም! የጻፈችውን ልጅ ደግሞ አውቃታለሁ፤ አንዲት ቃል አትጨምርም፣ አንዲት ቃል አታጎድልም። እሷ ሐሰት አትጽፍም።»

ትዕግሥት እጇን ከሳፋው አወጣች። መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ቀጥሎ አባቷን። ቀስ ብላ ተነሳች። «አባዬ፣ የጻፈችው ማናት?» አለች። «የት ነው የማገኛት?»

ጋሽ አሥራት ግንባሩን አሸ። ብዙ አሰበ። «ስሟ ጠፋኝ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎ ባልደረባችን ነበርኩ ብለዋል። ያውቋታል?»

«አላውቃትም» አልኩ።